ለጠበቃችን ምስጋና፣ ለሀዋሳ ነጋዴዎች ጥቆማ

ሰላም የሀዋሳ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች። ይህን የምጽፈው አንዲት ጠበቃ በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስሟ በማስታወቂያ መልክ እንዲወጣ ስለማትፈልግ እዚህ አላሰፍረውም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ።

እኔ የአሉሚኒየም በርና መስኮት እሠራለሁ። የእኛ ሥራ በቀብድ ነው የሚጀመረው። ደንበኛው ቀብድ ይሰጣል፣ እኛ ፕሮፋይልና መስታወት እንገዛለን፣ ቀሪው ተገጥሞ ሲያልቅ ይከፈላል። በቀብዱና በመጨረሻው ክፍያ መካከል ግን ወራት ያልፋሉ። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚወለደው እዚያ መካከል ነው።

በ2016 ዓ.ም. ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ሕንፃ ትልቅ ሥራ ያዝን። ውሉን ከመፈረሜ በፊት ወስጄ ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ጋሼ፣ የዕቃ ዋጋ ቢጨምር ማን ነው የሚሸከመው? እዚህ ምንም አልተጻፈም" አለችኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1764 አውጥታ አሳየችኝ። ግዴታዬ መጀመሪያ ካሰብኩት በላይ ስለከበደኝ ብቻ ውሉ አይለወጥም። ዳኛውም አዝኖልኝ ዋጋ አይጨምርልኝም። በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ተዋዋዮቹን እንደ ሕግ ይገዛል፤ ይህ ደግሞ አንቀጽ 1731 ነው። ስለዚህ የዋጋ ማስተካከያ የሚባል ነገር ካለ መግባት ያለበት ከፊርማው በፊት ነው።

እዚያው አንድ አንቀጽ ጨመረች። በቀብዱ ያልተገዛ ዕቃ ዋጋው ከተስማማንበት መጠን በላይ ከናረ፣ ልዩነቱ በአቅራቢው ደረሰኝ ተሰልቶ ለሁለት እንካፈላለን የሚል። በጣም የወደድኩላት ነገር ሁሉንም ጭነት በደንበኛው ላይ አለመጣሏ ነው። ደንበኛው አንብቦ ምንም ሳያቅማማ ፈረመ። ምስክሮችም ፈረሙ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ቀጥሎ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የኛ ዕቃ ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው። በዚያ ሰሞን ስንት የሙያ ጓደኞቼ በድሮ ዋጋ ተፈራርመው በአዲስ ዋጋ ሲገዙ ከረሙ። ሥራ አቁመው የተከሰሱም፣ ጨርሰው የከሰሩም አውቃለሁ። እኔ ደረሰኞቼን ይዤ ሄድኩ፣ ተሰላ፣ ልዩነቱን ተካፈልን፣ ሥራው ቀጠለ። ያቺ አንዲት አንቀጽ ባትኖር ሠራተኞቼን መበተኔ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የመጨረሻውን ክፍያ ደንበኛው በቼክ ሰጠኝ። ባንክ ስሄድ በቂ ስንቅ የለውም ተባልኩ። ደሜ ፈላ። በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ልሄድ ስል አስቀድማ ወረቀቱን እንዳሟላ ነገረችኝ። ከባንኩ ማኅተም ያለበት ማረጋገጫ መውሰድ፣ የቼኩን ኦሪጅናል ለማንም አለመስጠት። ከዚያ ያለኝን መንገድ አስረዳችኝ። ደረቅ ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። ገንዘቡን ለማስመለስ ደግሞ በፍትሐ ብሔር መክሰስ ይቻላል፤ እንዲህ ያለ በሰነድ የተረጋገጠ ዕዳ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ መጠየቅም አለ። በዚህ መንገድ ተከሳሹ ለመከራከር መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ ማግኘት አለበት።

ክስ ብንመሠርት ለእሷ ዳጎስ ያለ ክፍያ ነበር። እሷ ግን በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንጀምር አለች። ሰውዬው "መስኮቶቹ ውኃ ያስገባሉ" ብሎ መለሰ። ለዚህም መልስ ነበረን። በየፎቁ ርክክብ ስናደርግ በእሱ መሐንዲስ የተፈረመ ቅጽ አለ፤ ይህንንም ቅጽ ቀድማ ያዘጋጀችልን እሷ ናት። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡ። የሕንፃው ባለድርሻ የሆኑት የደንበኛው አባት የሚቀናቸው በሲዳሙ አፎ ነው። እያንዳንዷን ነጥብ በቋንቋቸው አስረዳቻቸው፣ ጥያቄያቸውን በትዕግሥት ሰማች። ሽማግሌዎቹ አስታርቀው ሊነሱ ሲሉም በአክብሮት አስቀምጣ ዕርቁን በጽሑፍ አሰፈረችው፤ መጠኑ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን። ገንዘቡ በየተራ ሙሉ በሙሉ ገባ። ሰውዬው ዛሬም ደንበኛዬ ነው።

ሌሎችንም ረድታለች። ካፌ ያላት ጎረቤቴ አንድ ሠራተኛ በቃል ብቻ ልታሰናብት ስትል ወደ እሷ ላክኋት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ማለትም በቁጥር 1156/2011፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቃ ጥፋት ቢኖር እንኳ ምክንያቱና ቀኑ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። የሚገባው ክፍያም በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይሰጣል። ጉዳዩን ስታየው ጥፋቱ ለማሰናበት የሚያበቃ አልነበረም። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለቀ፣ ልጁም እየሠራ ነው።

የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ንግዱ በግል ፈቃድ ነው የሚሠራው። ለንግዱ የተበደረው ዕዳ እስከ መኖሪያ ቤቱ ሊደርስ እንደሚችል የነገረችው እሷ ናት። በ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ማለትም ዕዳው በመደበኛው ከማኅበሩ ንብረት የማያልፍ ድርጅት፣ ማቋቋም ይችላል። አሁን ሰነዱን እያዘጋጀችለት ነው። ልጆች ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ክፍያዋ ግልጽ ነው። ውል ለማንበብ፣ ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ችሎት ለመቆም ስንት እንደሆነ አስቀድማ ትናገራለች፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች። የማያዋጣ ክስ ከሆነ "ገንዘብህን አታባክን" ብላ ትመልሳለች። የመክፈል አቅም የሌላችሁ ደግሞ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ስላለው እዚያ ጠይቁ። እኔም አንድ ሠራተኛዬን የላክሁት በእሷው ምክር ነው።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው በእኔም በሠራተኞቼም ስም ከልብ እናመሰግናለን። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

ወደ እሷ የምትሄዱ ጠዋት ችሎት ስለምትውል ከሰዓት ሂዱ። ውላችሁን፣ ደረሰኞቻችሁንና የተጻጻፋችሁትን መልእክት ሁሉ ይዛችሁ ግቡ። ያልፈረማችሁት ውል ካለማ በቅድሚያ እሱን አሳዩአት።