የሮማ ዘመን የወርቅ ቀለበት፦ ጥንቱን ልግዛ ወይስ ቅጂውን?

«የሮማ ቀለበት» ተብሎ የሚሸጠው ወርቅ ሦስት ዓይነት ነው። ጥንት የተሠራው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጥንቱን አሠራር ተከትሎ የተሠራውና የዘንድሮ ቅጂ። ዋጋቸው አይቀራረብም።

ጥንታዊውን ውድ የሚያደርገው ወርቁ ብቻ አይደለም፤ ማዕረጉም ነው። በመጀመሪያዎቹ የሮማ ቄሣሮች ዘመን የወርቅ ቀለበት ማድረግ የሴናተሮችና «ፈረሰኛ» የሚባለው የባለጠጋ መደብ መብት ነበር። ሌላው ሰው በብረት ይብቃቃል። ሴቶችማ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ215 ቅ.ል.ክ. በወጣ ሕግ ከግማሽ አውንስ በላይ ወርቅ እንዳይኖራቸው ተከልክለው፣ ከ20 ዓመት በኋላ አደባባይ ወጥተው አሽረውታል። ኋላ ግን፣ በ197 (እ.ኤ.አ.)፣ ቄሣሩ ሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ የወርቅ ቀለበቱን ለወታደሮቹም ፈቀደ። ስለዚህ ነጋዴ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቀለበት ይዞ «የሴናተር ነው» ቢላችሁ፣ ማስረጃውን ጠይቁት።

የጥንቱ ወርቅ ብዙውን ጊዜ ንጽሕናው ከ90 በመቶ በላይ ነው። ያምራል፣ ግን ለስላሳ ነው። ብዙው ቀለበት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቶሎ ይጨረመታል። ዕቃ እያጠቡበት የሚውሉበት ነገር አይደለም።

ሽቦ ያለበት ጌጥ ከሆነ በአጉሊ መነጽር እዩት። የሮማ አንጥረኛ ቀጭን የወርቅ ጥብጣብ ጠምዝዞ ነበር ሽቦ የሚያወጣው፤ ጠመዝማዛ መስመሩ ይታያል። ቀጥ ያሉ ትይዩ ጭረቶች ካሉ ተጠራጠሩ። አስመሳይም መጠምዘዝ ያውቃል፤ ስለዚህ ከሽቦው ይልቅ ወረቀቱ ይበልጣል። ዕቃው ሕገወጥ የቅርስ ንግድን የሚከለክለው የዩኔስኮ ስምምነት ከወጣበት ከ1970 (እ.ኤ.አ.) በፊት ከተገኘበት አገር መውጣቱን የሚያሳይ ሰነድ ጠይቁ። «ከድሮ የአውሮፓ ስብስብ» የሚል አንድ መስመር ሰነድ አይባልም።

የ19ኛው ክፍለ ዘመኑ መካከለኛ ምርጫ ነው። በሮም የካስቴላኒ አንጥረኛ ቤተሰብ ሥራ በጣም ይፈለጋል፤ ምልክቱ የተጠላለፉ ሁለት «ሲ» (C) ፊደላት ናቸው። ስሙ ስለሚሸጥ እሱም ይቀዳል።

ለየዕለቱ፣ ለሠርግም ቢሆን፣ ባለ 18 ካራቱን አዲስ ቅጂ ግዙ። በጣታችሁ ልክ ይሠራል፣ ቢጎዳም ይጠገናል። በሙዚየም ሱቆች ያለው ብዙ ጊዜ ወርቅ የተለበጠ ብር ስለሆነ ማኅተሙን አንብቡ። የግድ ጥንታዊ ካላችሁ ግን፣ እኔ ወረቀት ከሌለው ትልቅ ቀለበት ወረቀት ያላትን ትንሽ ጉትቻ እመርጣለሁ። ደረሰኙም ላይ ዘመኑ ይጻፍ፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ እንደሚመለስም ይጨመርበት።