ክሬም ኬክ፦ ፍሪጅ ወይስ ጠረጴዛ?

የልደት ኬክ ተረፈ እንበል። ፍሪጅ ይግባ ወይስ ቡፌ ላይ ይደር? ጎጃም ውስጥ መልሱ እንደ ከተማው ነው። ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር 1800። ብርዱም እንደዚያው ይለያያል።

በገበታ ቅቤና በዱቄት ስኳር የተሠራ ክሬም ማርቆስ ላይ ተከድኖ 2 ቀን ቢቀመጥ ምንም አይለውም። እኔ ብጠየቅ ጠረጴዛውን እመርጣለሁ። ፍሪጅ የኬኩን ስታርች ቶሎ ያጠነክረዋል፤ ኬኩ ይደርቃል። ቅቤ ደግሞ ሽታ ይስባል። ከዶሮ ወጥ ጎን ያደረ ኬክ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ ለእንግዳ አይቀርብም!

ባሕር ዳር በሚያዝያ ግን ሌላ ነው። የክሬሙ አበባ ከሰዓት ላይ ቅርጹን ለቆ ወደ ጎን ይንሸራተታል። እዚያ ፍሪጅ ግድ ነው። ክዳኑ ጠበቅ ባለ ዕቃ ይግባ። የተቆረጠውን ጎን በላስቲክ ሸፍኑት፤ መድረቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከመብላታችሁ በፊት ትንሽ ቀደም ብላችሁ አውጡት፣ ቅቤው ይለስልስ።

ከወተት ክሬም የተመታ ወይም መሃሉ ካስተርድ (ከወተትና ከእንቁላል የበሰለ ወፍራም ክሬም) ያለበት ከሆነ ክርክር የለም። የትም ከተማ ይሁን፣ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ለረጅም ሰዓት ከሞቀም ያው ነው፤ ይጣል።