ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ ይሉኝታ ይቅርባችሁ

አሁን ከሱቁ መመለሴ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

በረሃ ላይ ጀንበር ስትጠልቅ ፎቶ ማንሳት ከልጅነቴ ጀምሮ ያልለቀቀኝ ፍቅር ነው። ሰሞኑን ዋይድ ሌንስ፣ ማለትም ሰፊ ቦታ በአንድ ፎቶ የሚያስገባ የካሜራ ሌንስ ፈለግኩ። አዲሱ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ያገለገለ ልገዛ ሄድኩ። ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። «ለአንተ ብዬ ነው»፣ «ባለቤቱ ብዙም አልሠራበትም»፣ «ሌላ ሰው ሊወስደው እየመጣ ነው»። ያው የተለመደው።

ሌንሱን አገላብጬ አየሁት። ውጩ አዲስ ይመስላል። ውስጡን ለማየት ስልኬን አውጥቼ መብራቱን አበራሁ። ይሄኔ ሰውዬው ሌንሱን ከእጄ ወሰደው። አልነጠቀኝም፤ ቀስ ብሎ ነው የወሰደው። በጨርቅ እየወለወለ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «እኛን እንደ ሌባ ነው እንዴ የምታየን?» አለኝ። ባንኮኒው ጋ የቆሙት ሁለት ልጆች ዞር ብለው አፈጠጡብኝ። አፈርኩ። መብራቱን አጥፍቼ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ሌንሱ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ዝም ብዬ አያለሁ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ለስንት ጀማሪ «ሌንስ ያለ መብራት አይገዛም» ብዬ የመከርኩ ሰው፣ በአንድ ቃል አፌ ተዘጋ። ስድስት ወር ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ቆጥሬ ሰጠሁ።

ትናንት አመሻሽ ላይ አሸዋው አናት ላይ ወጣሁ። ያንን ሰዓት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጀንበሯ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ሰማያዊው መንገድ ላይ ተበትኖ ይቀራል፤ ቀዩና ብርቱካናማው ይደርሰናል። ንፋስ የሠራው እያንዳንዱ የአሸዋ መስመር የራሱን ጥላ ይጥላል። ደግሞ ቶሎ ያልፋል። ካሜራዬን ወደ ጀንበሯ አዞርኩና አነሳሁ። ወተት የተደፋበት ይመስላል። መጥቆር የነበረበት ጥላ ግራጫ ሆኗል። ጠርጌ ደገምኩ፤ ያው ነው። ሌንሱን ፈትቼ ከኋላ መብራት ሳበራበት ታየኝ። ውስጠኛው መስታወት ላይ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል። እሱን ሳገላብጥ ጀንበሯ ገባች።

ዛሬ ይዤላቸው ሄድኩ። ሰውዬው ሳጥኑን ሳይከፍት «ከእኛ ሲወጣ ንጹህ ነበር፤ በረሃ ወስደህ አበላሸኸው» አለኝ። ሻጋታ እርጥበትና ጨለማ ነው የሚወደው! ደረቅ አሸዋ ላይ በአንድ ምሽት ይበቅላል? ይህን ስነግረው ከልጆቹ አንዱ ሳቀ። ሰውዬው ከኋላዬ የቆመውን ደንበኛ «አቤት፣ ምን ልታዘዝ?» አለው። እኔ እዚያው ቆሜ ነው እኮ!

ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ፣ ከኋላ መብራት አብሩበትና አጋድላችሁ እዩ። ሻጩ ቅር ካለው ይበለው፤ ትታችሁት ውጡ። የመመለሻ ቀኑንም በጽሁፍ ተቀበሉ።