ወይዛዝርት ወይስ አማልክት? የድሮ የአውሮፓ ሥዕል ለቤታችሁ ለመግዛት ላሰባችሁ

የድሮ የአውሮፓ ሥዕል ህትመት ለቤቱ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር መሃል ይዋልላል። አንደኛው የመሳፍንት ሚስቶችና የቤተ መንግሥት ወይዛዝርት ፖርትሬት ነው፤ የአንድን ሰው መልክ የሚያሳይ ሥዕል ማለት ነው። ሌላው የግሪክና የሮም አፈ ታሪክ ነው፤ ቬነስ፣ ዲያና፣ አንድሮሜዳ። ሻጮች ሁለቱንም «ክላሲክ» ብለው አንድ ላይ ይደረድሯቸዋል። ስልክ ላይ ሲታዩም ሁሉም እኩል ናቸው። ግድግዳ ላይ ሲወጡ ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አንድ ሥዕል ብቻ የምትገዙ ከሆነ ፖርትሬት ግዙ። ምክንያቴ ውበት አይደለም፣ በውበት ማንም ማንንም አይበልጥም። ምክንያቴ መጠን ነው። ፖርትሬት ሲያንስም ብዙ አይጎዳም፤ የአፈ ታሪክ ሥዕል ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲያንስ ይሞታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሴሲሊያ ጋሌራኒን እንውሰድ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1490 ገደማ ሚላን ላይ ሲስላት ገና አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ያኔ የከተማዋ ገዢ የሎዶቪኮ ስፎርዛ ፍቅረኛ ናት፤ ኋላ ካውንት የሚባል ማዕረግ ያለው ሰው አግብታ ከመኳንንቱ ተቀላቅላለች። ክንዷ ላይ ኤርሚን የምትባል ነጭ ትንሽ እንስሳ አቅፋለች። ሥዕሉ ዛሬ ፖላንድ፣ ክራኮው ውስጥ ነው። መጠኑ 54 በ39 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ኤ2 የሚባለው ወረቀት ደግሞ 59.4 በ42 ነው። እንግዲህ ዋናውን በትክክለኛ መጠኑ አሳትማችሁ፣ ቀጭን ነጭ ዳር ተርፎላችሁ፣ ቤታችሁ መስቀል ትችላላችሁ። ክራኮው ድረስ የሄደ ሰው ያየውን ፊት፣ ያንኑ ያህል ሆኖ ታዩታላችሁ ማለት ነው።

እጇን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ረዘም ያለ እጅ ነው፤ ከፊቷ ጋር ሲተያይ ተለቅ ይላል። የጣቶቹ መገጣጠሚያ፣ ጥፍሩ፣ ከቆዳው ሥር ያለው አጥንት ሁሉ ተለይቶ ይታያል። ጣቶቹ የእንስሳዋን አንገት ነካ ያደርጋሉ እንጂ አይጨብጡም። ይሄ ሁሉ በአንድ ክንድ ርቀት ቆሞ የሚታይ ነገር ነው። ለመተላለፊያ፣ ለማጥኛ ጠረጴዛ፣ በሁለት መስኮት መሃል ላለች ጠባብ ግድግዳ የሚሆን ሥዕል እንዲህ ያለው ነው።

አሁን ወደ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቦቲቼሊ እንሂድ። «የቬነስ ልደት» የፍቅር አምላክ የሆነችው ቬነስ ባሕር ላይ በዛጎል ቆማ ነፋስ ሲነዳት ያሳያል። በ1485 አካባቢ የተሳለ ነው፤ ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ሙዚየም ይገኛል። መጠኑ 172.5 በ278.5 ሴንቲሜትር ነው። ሳሎን ውስጥ ያለ ትልቅ ሶፋን የሚያስንቅ ወርድ ነው። ሰው ግን ብዙ ጊዜ የኤ2 ግማሽ በሆነው ኤ3 ወረቀት ላይ አሳትሞ ይገዛዋል። ያኔ ሥዕሉ ከስድስት እጥፍ በላይ ያንሳል። ዋናው ላይ የሰው ቁመት ልትሆን ጥቂት የቀራት ቬነስ አንድ ስንዝር ትሆናለች። በነፋሱ የሚበሩት ጽጌረዳዎች ነጠብጣብ ይሆናሉ። ሠዓሊው ጸጉሯ ላይ የጨመረው ወርቅ ጭራሽ አይታይም። የሚቀራችሁ ዝናው ነው።

ስለዚህ ቬነስን ከወደዳችሁ ግድግዳችሁን ለኩ። ከአንድ ሜትር ተኩል ባነሰ ወርድ ባትገዟት እመርጣለሁ። ከሦስት ሜትር ርቀት የምታዩት ከሆነ በኢንች 150 የህትመት ነጥብ ይበቃል፤ ለዚህ መጠን ፋይሉ ወርዱ ወደ 8900 ፒክስል መሆን አለበት። ሴሲሊያ ግን ከቅርብ የምትታይ ናት፣ በኢንች 300 ነጥብ ትፈልጋለች። እሷም ብትሆን በግምት 6400 በ4600 ፒክስል ነው የሚያስፈልጋት። ሻጩን ስለ ዋጋው ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ፒክስሉ ጠይቁት።

ለአፈ ታሪኩ ወገን ደግሞ እውነቱን ልናገር። ሰፊ ግድግዳ ካላችሁ እሱ ያሸንፋል። ፖርትሬት በአብዛኛው ቁመታም ነው፤ የአማልክቱ ትዕይንት ብዙ ጊዜ ወርዳም ነው። ከሶፋ በላይ አንዲት ብቸኛ ወይዘሮ ስትሰቀል ግራ ቀኙ ባዶ ይሆናል። ደግሞ አፈ ታሪክ ያነጋግራል። ልጆች «ይሄ ማነው? ለምን ይነፋል?» ይላሉ፤ እንግዳም ይጠይቃል። ፖርትሬት ፊት ሰው ዝም ይላል።

ሌላም ጉዳይ አለ፣ በግልጽ መነጋገር ያለብን። የአፈ ታሪክ ሴቶች ብዙዎቹ ራቁታቸውን ናቸው። የንስሐ አባት የሚመጡበት፣ አያት ቁርስ የሚበሉበት፣ ሶላት የሚሰገድበት ሳሎን ከሆነ ነገሩን አስቡበት። አንዳንዱ ሰው በድፍረት ሰቅሎ ከሳምንት በኋላ ያወርደዋል። አንዳንዱ ሻጭ ደግሞ ለዚሁ ብሎ የቬነስን ፊት ብቻ ቆርጦ ያቀርባል። ፊቷ ብቻውን ያምራል። ግን ያ ዛጎል፣ ባሕሩና ነፋሱ ከሌሉ የገዛችሁት አፈ ታሪክ አይደለም፣ ስሟን ያላወቃችሁት አንዲት ቆንጆ ሴት ናት። ይህን ከፈለጋችሁ እውነተኛ ፖርትሬት መግዛት ይሻላል።

ከእውነተኞቹ አንዷ ኤሌኖራ ናት። እኔ ልቤ የሚደነግጥላት እሷ ናት። ብሮንዚኖ በ1545 ገደማ የሳላት የቶሌዶዋ ኤሌኖራ የኔፕልስ እንደራሴ ልጅ፣ የፍሎረንሱ መስፍን የኮዚሞ ሜዲቺ ሚስት ነበረች። አጠገቧ ትንሹ ልጇ ጆቫኒ አለ። የለበሰችው ቀሚስ ነጭ ሳቲን ነው፤ በላዩ ጥቁር ከፋይ ሐረግ ይሄድበታል፣ ደረቷ መሃል በወርቀ ዘቦ የተሠራ ትልቅ ሮማን አለ። ትከሻዋን የሸፈነው መረብ እያንዳንዱ መገናኛው ላይ ሉል ተሰክቷል። ሠዓሊው ወርቁን ክር በክር ነው የሣለው። ፊቷ ግን ምንም አይነግራችሁም። ያ ሁሉ ጌጥ ጮሆ ይናገራል፣ እሷ ዝም። በ1562 እናትየውም፣ ጆቫኒም፣ ጋርዚያ የሚባለው ወንድሙም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በወባ ሞቱ። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ልጁን ደግማችሁ ሳታዩ አታልፉም።

ይሄኛው ሥዕል 115 በ96 ሴንቲሜትር ነው። በግማሽ ቢያንስም ይቋቋማል። ከዚያ ካነሰ ግን የቀሚሱ ጥለት ይጨፈለቅና ግራጫ ይሆናል። ሸራ ላይ አታሳትሙት። የሸራው ሽመና ከጨርቁ ጥለት ጋር ይጋጫል። ለስላሳ፣ ወፈር ያለ የጥጥ ወረቀት ነው የሚስማማው።

ሰማያዊ ለምትወዱ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የአንግር «ልዕልት ደ ብሮይ» አለች። ከ1851 እስከ 1853 የተሳለች ናት፣ ኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ትገኛለች። ቢጫ ወንበር ላይ ተደግፋ የቆመች፣ ሰማያዊ ሳቲን የለበሰች ሴት። በ1860 በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት 35 ዓመቷ ነበር፤ ባሏ ሥዕሉን በመጋረጃ ሸፍኖ እንዳኖረው ይነገራል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰማያዊ ቀለም ማተሚያ ማሽን ላይ ቶሎ ይበላሻል። አንዴ ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል፣ አንዴ አመድማ ይሆናል። ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት የቀሚሱን ቁራጭ ብቻ በትንሽ ወረቀት አሳትማችሁ በቀን ብርሃን እዩት። ማተሚያ ቤቱ ፈቃደኛ ካልሆነ ለዚህ ሥዕል አይሆንም።

ስለ ፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔትም አጠር አድርጌ ልበል። ሠዓሊዋ ቪዤ ለ ብረን በ1783 ንግሥቲቱን በስስ ነጭ የጥጥ ቀሚስ ሳለቻት። ሰው «ንግሥት በውስጥ ልብስ!» ብሎ ተቆጣ። ሥዕሉ ለሕዝብ ከታየበት አዳራሽ ወረደና በሐር ቀሚስ ጽጌረዳ በያዘችበት ሌላ ሥዕል ተተካ። ሁለቱም በህትመት ይሸጣሉ፣ በሁለቱም ጽጌረዳ አለ፣ ስማቸውም ይምታታል። ስታዙ ቀሚሱን አይታችሁ እዘዙ።

ከሁለቱ ወገን መምረጥ ላቃተው ሰው መካከለኛ መንገድ አለ። በ18ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ ወይዛዝርት እንደ አማልክት ለብሰው መሳል ይወዱ ነበር፤ የዚህ ሥራ ጌታ ናቲዬ ነው። በ1753 የሳላት ማዳም ደ ኮማርተን የወጣትነት አምላክ የሆነችውን ሄቤን ሆና፣ ማድጋ ይዛ ከንስር ጋር ተቀምጣለች። ንስሩ የአማልክቱ ንጉሥ ዜውስ ነው። መጠኑ 102.5 በ81.5 ነው፣ ዋሽንግተን ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ይገኛል። የፖርትሬት ቅርበት አለው፣ ወግ የሚያስጀምር አፈ ታሪክም አለው፣ ሽማግሌ አያሳፍርም። ለሳሎን ስጦታ ብጠየቅ ይህንን ነው የምጠቁመው። ከዚህ በላይ ግን ልቤን አይነካውም። ሴትየዋም ሄቤም እኩል ፈገግ ብለው ነው የሚያልፉት።

አሁን ወደ እኛ የሚመጣው ጉዳይ። አንድሮሜዳ በግሪኮች ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ማለታቸው ነው እንጂ የዛሬውን ድንበራችንን አይደለም። ንግሥቲቱ በውበቷ ስለተኩራራች የባሕሩ አምላክ አውሬ ላከ። ልጅቷ ለአውሬው እንድትሰጥ ከዓለት ጋር ታሰረች። ፔርሴዎስ የሚባል ጀግና መጥቶ አዳናት። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ በአንድ ግጥሙ መልኳ የአገሯ መልክ፣ ጠይም መሆኑን ይናገራል። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ኦቪድን ጠንቅቀው ያነቡ ነበር። ሲስሏት ግን ነጭ አደረጓት። ቲሺያን (ለንደን፣ ዋላስ ኮሌክሽን)፣ ሩበንስ (ሴንት ፒተርስበርግ፣ ኸርሚታዥ)፣ በ1891 ሌይተን (ሊቨርፑል)፤ ሁሉም ያው።

ይህን አውቃችሁ ግዙ ነው የምለው። «የኢትዮጵያዋ ልዕልት» የሚል ጽሑፍ አይቶ በደስታ ያዘዘ ሰው ሳጥኑን ሲከፍት ቀይ ጸጉር ያላት ነጭ ሴት ሊያገኝ ይችላል። እኔን ያሳዝነኛል። ልጆች ባሉበት ቤት ከሰቀላችሁት ታሪኩን እስከ ኦቪድ ድረስ ንገሯቸው።

ከሁሉም ግን የሬምብራንት አንድሮሜዳ ትለያለች። በ1630 ገደማ የሣላት ናት፣ ሄግ በሚገኘው በማውሪትስሃውስ ሙዚየም አለች። እሷም ነጭ ናት። ነገር ግን እንደሌሎቹ የተዋበች ሐውልት አይደለችም። እጆቿ ወደ ላይ ታስረዋል፣ ፊቷ ወደ ጎን ዞሯል፣ ደንግጣለች። አውሬው አይታይም። ፔርሴዎስም የለም። ማንም ይመጣል የሚል ምልክት የለም። ደግሞ ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ 34 በ24.5 ሴንቲሜትር። ኤ3 ላይ በትክክለኛ መጠኑ ገብቶ ዳር ይተርፈዋል። ከአፈ ታሪኩ ወገን እንደ ፖርትሬት በቅርብ የሚታይ አንድ ሥዕል ምረጥ ብባል እሱን ነው። ከወገቧ በላይ እርቃኗን ስለሆነች ቦታው መኝታ ክፍል ወይም ማጥኛ ክፍል ነው።

ፋይሉን በተመለከተ ገንዘብ አታባክኑ። ሜትሮፖሊታን ከ2017 ጀምሮ የቅጂ መብት ዘመናቸው ያለፈ ሥራዎቹን ምስል በነፃ ለቋል። የዋሽንግተኑ ብሔራዊ ሙዚየምና የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየምም እንዲሁ። ልዕልት ደ ብሮይንና ማዳም ደ ኮማርተንን ራሳችሁ አውርዳችሁ አቅራቢያችሁ ያለ ጥሩ ማተሚያ ቤት ማሳተም ትችላላችሁ። የኡፊዚ ሥራዎች ላይ ግን ለሽያጭ የምታስቡ ከሆነ ተጠንቀቁ። የጣሊያን ሕግ ለንግድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሙዚየሙ በ2022 የቦቲቼሊን ቬነስ ልብስ ላይ ያተመውን የፋሽን ቤት ዣን ፖል ጎልቲዬን እንደከሰሰ አስታውቋል።

መስታወትም አስቡበት። የሴሲሊያ ሥዕል ጀርባ፣ ከኋላዋ ያለው ማለቴ ነው፣ ጥቁር ነው፤ ተራ መስታወት ካደረጋችሁበት መስኮታችሁንና የራሳችሁን ፊት ነው የምታዩት። የማያንጸባርቅ መስታወት ዋጋው ይወደዳል፣ ለጥቁር ጀርባ ሥዕል ግን የግድ ነው። ቬነስ ፈዘዝ ያለች ስለሆነች ያለ መስታወትም ትሆናለች፣ ፀሐይ በቀጥታ አይንካት እንጂ።

በእጅ የተሳለ ቅጂ ለምትፈልጉ የመጨረሻ ቃል። ቻይና ውስጥ ሼንዠን ከተማ ያለ ዳፈን የሚባል መንደር በዚህ ሥራ ይታወቃል፤ በኢንተርኔት ከሚሸጡት ቅጂዎች ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። ባሕር፣ ሰማይ፣ ዛፍ፣ ብዙ ሰው ያለበት ትዕይንት በእጅ ሲቀዳ ስህተቱ ይሸሸጋል። ፖርትሬት ላይ ግን የከንፈር ጫፍ በአንድ ሚሊሜትር ከሳተ ሴትየዋ ሌላ ሰው ናት። ስለዚህ አማልክቱን በእጅ አስቀዱ፣ ወይዛዝርቱን አሳትሙ። የግድ የወይዘሮ ቅጂ በእጅ ይሁንልኝ ካላችሁ ደግሞ ሻጩ ሥዕሉን ከመላኩ በፊት የፊቱን ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ከቅርብ አንስቶ ያሳያችሁ። ቀሪውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ላኩ።