የጨርቅ ቁም ሳጥን ለስፌት ዕቃ፦ ዘጠኝ ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ

በኅዳር 2017 ከመርካቶ አንድ የጨርቅ ቁም ሳጥን በ3,200 ብር ገዛሁ። ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በፕላስቲክ መጋጠሚያ ተያይዘው የሚቆም፣ ስስ ጨርቅ የሚለብስ፣ ፊቱ በዚፕ የሚዘጋ፣ ተማሪውም አዲስ ጎጆ ወጪውም የሚያውቀው ዓይነት ነው። እኔ ግን የገዛሁት ልብስ ልሰቅልበት አልነበረም። ጨርቅ፣ ገበር፣ ጥለት፣ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ላስቲክ፣ ብቻ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ የምሰፋበትን ዕቃ ሁሉ አንድ ቦታ ልሰበስብበት ነው። አሁን ነሐሴ ነው። በጋውንም ክረምቱንም አይቶልኛል፤ ስለዚህ ደጉንም ክፉውንም አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

መጀመሪያ አናጺ ጠይቄ ነበር። ባለ አምስት መደርደሪያ የኤምዲኤፍ ቁም ሳጥን ከ30,000 ብር በላይ ጠራብኝ። ግድግዳ ላይ መደርደሪያ እንዳልሰቅል ደግሞ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው፤ ግድግዳ በድሪል ተበስቶ ፊሸር እንዲገባበት አከራዬ አይፈልጉም። የቀረኝ ጨርቄን እንደ ወትሮው በማዳበሪያ ጠቅጥቄ አልጋ ሥር መክተት ነበር። ማዳበሪያው ግን ገንዘብ ይበላል። ለእህቴ ልጅ ቀሚስ ብዬ ሰማያዊ ዚፕ ገዝቼ ስመለስ ያንኑ ቀለምና ያንኑ ርዝመት ሦስት ዚፕ ከጨርቅ ሥር አግኝቻለሁ። ያለኝን ስለማላየው ያለኝን ደጋግሜ እገዛ ነበር።

ሻጩ «እህቴ፣ አንዱ መደርደሪያ 20 ኪሎ ይችላል» ብሎኝ ነበር። አይችልም። መደርደሪያ የሚባለው በሁለት ቱቦ መሐል የተወጠረ ጨርቅ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ሁለተኛው መደርደሪያ መሐሉ እንደ አንቀልባ ረገበ፤ ቱቦዎቹ ወደ ውስጥ ተሳቡና አንዱ መጋጠሚያ ከአፉ ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ነው ጨርቄን አውጥቼ ማስላት የጀመርኩት። ጨርቅ በሜትር ሲገዛ ቀላል ይመስላል፤ ሲጠራቀም ግን ጉድ ነው። ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ፣ በካሬ ሜትር 150 ግራም የሚመዝን የጥጥ ጨርቅ አንዱ ሜትር 225 ግራም ይሆናል። 40 ሜትር ሲከማች 9 ኪሎ ገባ ማለት ነው። ጋቢና የሱፍ ቁራጭ ከተጨመረበትማ አይጣል ነው።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። እንጨት ቤት ሄጄ ከተራፊ ኮምፔንሳቶ አራት ቁራጭ በልኬ አስቆረጥኩ፣ 600 ብር። ቁም ነገሩ አለካኩ ላይ ነው፦ ቁራጩ በጨርቁ ላይ ብቻ እንዲተኛ ሳይሆን ሁለት ጫፉ በግራና በቀኝ ባሉት ቱቦዎች ላይ እንዲያርፍ መቆረጥ አለበት። እንዲህ ሲሆን ክብደቱን የሚሸከመው ብረቱ ነው፤ ጨርቁ አቧራ ከመከላከል ሌላ ሥራ አይኖረውም። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼዋለሁ፣ አለበለዚያ ጨርቅ ይይዛል። የተሰነጠቀውን መጋጠሚያ በቀጭን ሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት፤ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ የረገበ መደርደሪያ የለም። ከባዱን ዕቃ ሁልጊዜ ከታች አደርጋለሁ፣ የስፌት መኪናውን ግን ፈጽሞ አላስገባበትም።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን በነፃ ያገኘሁት ነገር ነው፤ እሱም የካርቶን ወረቀት። ሱቅ የሚጥላቸውን ካርቶኖች 20 በ30 ሳንቲ ሜትር አድርጌ ቆረጥኩ። ጨርቁን በቁመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፌ እኩል ከካርቶኑ ርዝመት ሲደርስ እጠቀልለዋለሁ፤ መጨረሻውን በስፒል እይዘዋለሁ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን ይቆማል። ከታች የተቀበረ ጨርቅ ለማውጣት ክምሩን መናድ ቀረ። ቀይዋን ስፈልግ ቀይዋን ብቻ መዝዤ አወጣለሁ፣ የቀሩት እንደቆሙ ናቸው። ካርቶኑ ጫፍ ላይ የቀረውን ሜትር በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ስቆርጥ ሰርዤ አዲሱን እጽፋለሁ። «3.20» ከሚለው ላይ ለልጅ ሱሪ ቆርጬ «2.10» ብዬ ስጽፍ፣ ለሚቀጥለው ሥራ ጨርቅ ይበቃኛል አይበቃኝም ብዬ ዘርግቼ መለካት አያስፈልገኝም። ከግማሽ ሜትር በታች የሆነው ሁሉ እራፊ ነው፤ አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ጆንያው ሲሞላ ትራስ እሞላበታለሁ።

እናቴ ቁልፎቿን የምታስቀምጠው በትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበር። አንድ ሸሚዝ ቁልፍ ሲረግፍበት ቆርቆሮው ሰፌድ ላይ ይገለበጣል፤ እኔና እህቴ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ምስር እንደሚለቅም ሰው አራት ቀዳዳ ያለውን፣ ነጩን፣ መጠኑ የሚመሳሰለውን እንፈልጋለን። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ያ ቆርቆሮ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው፣ አልጣልኩትም። ቁልፎቹን ግን አውጥቼ በቀለም ለያየሁና ባዶ የማርና የለውዝ ቅቤ ማሰሮዎች ውስጥ ከተትኳቸው፤ ከውጭ ይታያሉ። በስድስት የተገዛ ተመሳሳይ ቁልፍ ክር ላይ ተሰክቶ ታስሮ ነው የሚገባው፤ አምስት ቀርቶ አንዱ የጠፋበት ጊዜ ስለሚያናድድ ነው። እናቴ መጥታ ስታይ ቆርቆሮዋን አንስታ ነቀነቀችው፤ ባዶውን ሳይሆን ዚፕ ሞልቶ ስታገኘው ደስ አላት።

ለክር የሚሆን ነገር አልገዛሁም። ከኮምፔንሳቶው የተረፈችው ጠባብ ጣውላ ላይ ምስማር በሰልፍ መትቼ በየምስማሩ አንድ አንድ ድንብል ክር አቆምኩ፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከጀርባ በኩል ትቆማለች። ውስጥ የሆነችው በምክንያት ነው። ክር ፀሐይ ሲያገኘው ቀለሙ ይለቃል፣ ጥጥ ከሆነ ደግሞ እየደከመ ይሄዳል። የቆየ ክር መኪና ላይ ከመጫናችሁ በፊት በሁለት እጅ ሳብ አድርጉት፤ ያለ ትግል ከተበጠሰ ለጊዜያዊ የእጅ ስፌት ይሁን እንጂ ለመኪና አይሆንም። መቀሱ በቀይ ጥብጣብ ታስሮ ላይኛው ቱቦ ላይ ተሰቅሏል። ጥብጣቡ ትርጉም አለው፦ ይህ መቀስ ወረቀት አይቆርጥም። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል።

ሐምሌ ላይ ያልጠበቅኩት መጣ። አንድ ቀን ዚፑን ስከፍት እርጥበት እርጥበት ሸተተኝ፤ ታችኛው መደርደሪያ ላይ በነበረ ነጭ መነን ጫፍ ላይ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ፣ ሻጋታ። ጥፋቱ የአቀማመጤ ነው። ዝናብ ከሚመታው የውጭ ግድግዳ ጋር አጣብቄው ስለነበር አየር የሚያልፍበት አልነበረም። አሁን ከግድግዳው ከአንድ ስንዝር በላይ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው፣ ፀሐይ በወጣ ቀን ፊቱን ከፍቼ እውላለሁ። ከዚያ ወዲህ ሽታ የለም። በዚያው ሰሞን ስፒሎቼ ዝገት ጀምሯቸው ነበር፤ ዝገት ያለበት ስፒል ነጭ ጨርቅ ላይ የሚተወው ምልክት በቀላሉ አይለቅም። አሁን መርፌዎቼንና ስፒሎቼን የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ባለበት ፍላኔል ጠቅልዬ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ዘግቻለሁ። ልሰፋበት ስል በእራፊ ጠረግ አደርጋቸዋለሁ። ብልን በተመለከተ ደግሞ፣ ትሉ የሚወደው ሱፍና ሐር እንጂ ንጹሕ ጥጥ አይደለም፤ ስለዚህ የሱፍ ቁራጮቼን ብቻ ለይቼ አጥብቄ አስሬያለሁ።

በአምስተኛው ወር የፊቱ ዚፕ ለቀቀ። ይህ የዕቃው ዋነኛ ድክመት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጥርሱ ስስ ነው፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለሚከፍት ሰው አልተሠራም። የጃኬት ዚፕ በ120 ብር ገዝቼ ቀየርኩት። ለምትሞክሩት አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ስሱ ጨርቅ መርፌ በደጋገመው ቁጥር እንደ ወረቀት ይቀደዳል፣ ስለዚህ ከሥሩ የጥጥ ጥብጣብ አድርጉበትና ስፌቱን ረዘም አድርጋችሁ ስፉት።

ከምናለሽ ተራ ክዳን ያላቸው ቆርቆሮዎች በ400 ብር፣ ሽቦ በ50 ብር ጨምሬ ጠቅላላ ወጪዬ 4,370 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ግን ኮምፔንሳቶውን በዚያው ቀን አብሬ አስቆርጣለሁ። በጣቃ ጨርቅ ለሚያስገባ ልብስ ሰፊ አልመክርም፤ ክብደቱን አይችለውም። የሚንጠለጠል ሕፃን ያለበት ቤትም ከሆነ፣ ከከባድ ነገር ጋር በሲባጎ ሳይታሰር ባይቆም ይሻላል፣ ይገለበጣል።

ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ መጋጠሚያዎቹን ቁጠሩ። የእኔ አንድ ጎድሎት በማግስቱ ታክሲ ተሳፍሬ ተመልሻለሁ። ሁለት ትርፍ እንዲሰጧችሁም ጠይቁ፤ ከቱቦው ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው፣ ለብቻው ሲፈለግ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።