«ዴድ ፕሬዝደንትስ»፦ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ልጅ

ትናንት ማታ እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ አየሁት። የሂዩዝ ወንድማማቾች በ1995 እ.ኤ.አ. የሠሩት ፊልም ነው። አንቶኒ የሚባል የኒውዮርክ ብሮንክስ ሰፈር ጥቁር ልጅ ቬትናም ዘምቶ ይመለስና ሥጋ ቤት ተቀጥሮ ቤተሰቡን ለማኖር ይፍጨረጨራል፣ እሱንም ሥራ ያጣል፣ በመጨረሻ ሊቃጠል የተዘጋጀ አሮጌ ዶላር የጫነ መኪና ለመዝረፍ ይነሳል። አንቶኒን ሆኖ የሚጫወተው ላሬንዝ ቴት አንጀት ይበላል! እሱና ግብረ አበሮቹ ፊታቸውን ነጭ ተቀብተው መኪናውን ሲጠብቁ ትንፋሼን ውጬ ነበር። የዝርፊያውን ዝግጅት ግን ረዘም አድርገው ቢያሳዩን ጥሩ ነበር፣ ተጣድፈውበታል።

አብረውኝ ያዩት ጎረቤቴ የድሮ ወታደር ናቸው። ልጁ ሥራ ሲያጣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «አይ ልጄ፣ የከበደው መመለሱ ነው» አሉኝ። ቡናቸው እፊታቸው ቀዘቀዘ። ደም ስለሚበዛበት ልጆች ባሉበት አትክፈቱት።