አንድ ክረምትና አንድ በጋ በጣና ዳርቻ፦ ባለ 200 ሲሲ የመስክ ሞተር ሳይክሌና መንገድ ላይ የመጥፋት ችግሩ

ይህን ባለ 200 ሲሲ የመስክ ሞተር ሳይክል የገዛሁት ለሥራ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ከባሕር ዳር ተነሥቼ በዘጌ በኩል ወዳሉ ቀበሌዎች፣ ከዓባይ ማዶ ደግሞ እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ እመላለሳለሁ። ክትባት በማቀዝቀዣ ሣጥን የጫነ ሰው መንገድ ላይ መቆም የለበትም። መድኃኒቱ ይበላሻል፤ ከብቶቹን ሰብስቦ የሚጠብቀው ገበሬም ቀኑን በከንቱ ያጣል። ስለዚህ ሞተርን የምመዝነው በፍጥነቱ ሳይሆን ሳይጠፋ በማድረሱ ነው። በዚህ ሚዛን ይህ ሞተር ጥሩ ነው፤ ከነዳጅ ቋቱ ክዳን ቤንዚንን ከአየር ጋር እስከሚያቀላቅለው ካርቡሬተር ድረስ ያለውን የቤንዚን መንገድ ግን ባለቤቱ ራሱ ሊያውቀውና ሊከታተለው ይገባል። የፋብሪካውን ስም አልጠቅስም። በከተማችን በተለያየ ስም የሚሸጡት ባለ ካርቡሬተር የመስክ ሞተሮች አሠራራቸው ተቀራራቢ በመሆኑ የምጽፈው ለአብዛኞቹ ይሠራል።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። አሞርዛተሩ ከኮረኮንች ጋር ተስማምቷል። ቁመቱ ውሃ ባቆረ የሩዝ ማሳ ዳር ለማለፍ ይመቻል። መቀመጫው ደረቅ ነው፤ የኋላ ፍሬኑም ጭቃ ሲገባበት ይደክማል። አንድ ሊትር ቤንዚን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬደኛል፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ የጀመረው ክረምቱ ሲገባ ነው። ሞተሩ ደኅና እየሄደ ሳለ አቅም ያንሰዋል፣ ይንተፋተፋል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ጋራዥ ስወስደው የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል «ካርቡሬተሩ ይቀየር» የሚል ነበር። በዚህ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። የታመመ ላም ስትመጣልኝ መርፌ ከማንሣቴ በፊት መቼ እንደ ጀመራት፣ ምን እንደ በላች ባለቤቷን እጠይቃለሁ። ሞተርም መቼና እንዴት እንደ ጠፋ ሳይጠየቅ ዕቃው መቀየር የለበትም። ያለ ምንም ምልክት በአንድ ጊዜ ድርግም ብሎ ከጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤሌክትሪኩ ነው፤ የካንዴላው (እሳት የሚጭረው ዕቃ) ገመድ፣ የቁልፉ መሥመር፣ የማጥፊያው ቁልፍ። አቅም እያነሰው፣ እያሳለ፣ እየተንገጫገጨ ከጠፋ ግን ቤንዚን እየደረሰው አይደለም ወይም የደረሰው ቤንዚን አይደለም።

በእኔ ሞተር ላይ ከሁሉ በላይ ያስቸገረው የቋቱ ክዳን ነው። ቤንዚኑ ወደ ካርቡሬተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው፤ ፓምፕ የለውም። የወረደውን ቤንዚን የሚተካው አየር የሚገባው ደግሞ በክዳኑ ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ነው። የፎገራ ዋልካ እርጥብ ሲሆን ወደ ላይ ይረጫል፣ ፀሐይ ስትወጣ እዚያው ይደርቃል፣ ቀዳዳዋንም ይደፍናታል። ያን ጊዜ ቋቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርድና ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት መንገድ ይሄዳል፤ ይጠፋል፤ ትንሽ ካረፈ በኋላ ምንም ሳይነካ ይነሣል፤ ብዙም ሳይርቅ እንደገና ይጠፋል። በጠፋበት ቅጽበት ክዳኑን ስትከፍቱ አየር ሲሳብ «ሲስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ በሽታው ተገኝቷል።

ድምፁን ላልሰማ ሰው የተሻለ ማረጋገጫ አለ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ በአካባቢው እሳትም ሲጋራም አይኑር። ቤንዚን የሚያወርደውን ላስቲክ ከካርቡሬተሩ ነቅላችሁ ጫፉን ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡና የቤንዚኑን መክፈቻ ክፈቱት። ቤንዚኑ ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ጀምሮ እየቀጠነ ከመጣ ክዳኑን ላላ አድርጉት፤ ወዲያው ከበረታ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ክዳኑ ተከፍቶም ከቀጠነ የመክፈቻው ወንፊት ወይም ማጣሪያው ተደፍኗል። በዚህ ሙከራ ቤንዚኑ በደንብ ከወረደ ብቻ ነው ካርቡሬተሩን መንካት ተገቢ የሚሆነው። አሠራሩ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድና ምንም ወጪ የሌለው ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ሳይሞክረው ለአዲስ ካርቡሬተር ገንዘብ ሲያወጣ ማየት ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ጠላት ውሃ ነው። እዚህ ሐይቁ ዳር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አየሩም እርጥበት አለው። ቋቱ ግማሽ ባዶ ሆኖ ሲያድር በባዶው ክፍል ያለው እርጥበት ወደ ውሃ ተለውጦ በግድግዳው ይወርዳል። የክረምቱ ዝናብም ባረጀ የክዳን ላስቲክ ሥር ሰርጎ ይገባል። ማደያ ላይ ሰልፉ ሲረዝም በጄሪካን ወይም በሃይላንድ የሚሸጠውን የምንገዛበት ቀንም አለ፤ ዕቃው ቀድሞ ምን እንደ ያዘ ደግሞ ማንም አይነግረንም። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና የቋቱ ወለል ላይ ይተኛል። መክፈቻውን ሪዘርቭ (ለመጠባበቂያ የሚቀረው ቤንዚን) ላይ ስታደርጉት የሚሳበው ከዚሁ ወለል ነው። ከዋናው ወደ ሪዘርቭ እንደ ተቀየረ የሚጠፋ ሞተር ካላችሁ ውሃን ጠርጥሩ።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በካርቡሬተሩ የታችኛ ማጠራቀሚያ ላይ ማፍሰሻ ብሎን አለ። ከሥሩ የሻይ ብርጭቆ ይዤ በካቻቢቴ አላላዋለሁ። ቤንዚኑ ብርጭቆው ውስጥ ሲረጋ ከሥሩ ክብ ክብ እየሆነ የሚንከባለል ነገር ይታያል፤ ብርጭቆውን ስታዘነብሉት ከቤንዚኑ ተለይቶ ለብቻው ይሸሻል። ያ ውሃ ነው። አብሮት ቡናማ ዱቄት ከታየ ቋቱ መዛግ ጀምሯል ማለት ነው። ከእንግዲህ ማታ ማታ ቋቱን ሞልቶ ማሳደር፣ ከከባድ ዝናብ ማግሥትም መጀመሪያ ጥቂት ማፍሰስ ይጠቅማል። ያፈሰሳችሁትን በዕቃ ያዙት እንጂ ወደ ቦይ አትድፉት፤ የባሕር ዳር ቦይ ማረፊያው ጣና ነው።

ሦስተኛው ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር፣ መጥፋት ነው። ጋዝ ስትሰጡት ይሄዳል፣ ስትለቁት ይጠፋል፤ ቾክ (አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛው) ሲሳብ ብቻ ይረጋጋል። ይህ በአብዛኛው ለሚኒሞ ቤንዚን የምታሳልፈው የነሐስ ጄት መደፈን ነው። ቀዳዳዋ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ሞተሩ ለሳምንታት ቆሞ ቤንዚኑ ሲተን የሚቀረው ሙጫ ብቻውን ይዘጋታል። ሽቦ አታስገቡባት። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው ከሰፋ ሞተሩ ያለ ልክ ቤንዚን ይጠጣል። እኔ የምጠቀመው ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚሠሩበትን ቀጭን ናይለን ክር ነው፤ ሐይቁ ዳር በቀላሉ ይገኛል፣ ቆሻሻውን ይገፋል፣ ነሐሱን አይጭርም። ከዚያ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ይበቃታል። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ መክፈቻውን ዘግቶ ማጠራቀሚያውን ማፍሰስ ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል።

ከሞተሩ ጋር የመጣው የቤንዚን ማጣሪያ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ወንፊት ነው፤ ደቃቁን አቧራ ያሳልፋል። በተሻለ ቀየርኩት። ሲቀየር መጠንቀቅ ያለብን ፓምፕ ላለው መኪና የተሠራ ጥቅጥቅ ያለ የወረቀት ማጣሪያ እንዳይሆን ነው፤ በራሱ ክብደት ለሚወርድ ቤንዚን ይከብደዋል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ይራባል። ማጣሪያው ውስጥ ትንሽ የአየር አረፋ መታየቱ ግን ብልሽት አይደለም።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ የሚታየው ድካም ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ጣና በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛውን አይሞላም። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የቤንዚኑን መጠን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩም ይከብደዋል። ይህን ማጽዳት አያድነውም። ዘወትር ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ቀዳዳው አነስ ያለ ዋና ጄት (ጋዝ ሲሰጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው) ያስገባ። እኔ አልፎ አልፎ ስለምወጣ አልነካሁትም፤ ማርሽ ቀንሼ በትዕግሥት እወጣለሁ።

ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭላቸው አዳዲሶቹ ሞተሮች የከፍታውን ለውጥ ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ለደብረ ታቦርና ለጉና አካባቢ ሰው እነርሱን እመርጥለታለሁ። ለሐይቁ ዳርቻ ግን የእኔን ዓይነት እመርጣለሁ። በካቻቢቴ፣ በናይለን ክርና በአንድ ብርጭቆ ዛፍ ጥላ ሥር የሚድን ሞተር ለእኛ ቀበሌዎች ይሻላል፤ የኤሌክትሪክ የነዳጅ ፓምፕ ከከተማ ርቆ ሲቃጠል ሞተሩ በጋሪ ነው የሚመለሰው።

ልትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት የቋቱን ክዳን ክፈቱና በስልካችሁ መብራት ወለሉንና የብየዳውን መሥመር እዩ። በመጋዘን ለረጅም ጊዜ ባዶውን የቆመ ቋት ሳይነዳም ይዝጋል፤ ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ ሌላ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ።